«ሰማዩ ጠርቷል» ብዬ ላክሁ

ፊዚክስ አስተምር እንደነበር የሰማ ወጣት ሁሉ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለው። «እውነት ከዚህ ሌላ ጽንፈ ዓለም አለ ይላሉ?» ይለኛል። ስልኩን አውጥቶ ያየውን ያሳየኛል፤ እዚህ ድሃ የሆነው እዚያ ሀብታም ነው፣ እዚህ የሞተው እዚያ አልሞተም፣ ምናምን። እኔም ቆጣ እላለሁ። «መፈተኛው ምንድን ነው?» እለዋለሁ። ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ክፉ አሮጊት ናት ሳይለኝ አይቀርም፤ ይበለኝ። ይህን ነገር መጀመሪያ የጠየቀኝ ልጅ ግን መፈተኛውን ራሱ ሊፈልግ የተነሳ ልጅ ነበር። እኔ ነኝ ያስበላሁት።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ዕጣዬ አሰላ ወጣ። ዘመኑ የደርግ ነው። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ማከራየት ያስጠይቅ ስለነበር፣ ለቀበሌው «ዘመድ ናት» ተብዬ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ዘንድ በደባልነት ገባሁ። እማማ ነበር የምላቸው። አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ ናቸው፤ እርሳቸው ግን ከጎረቤት ሲጨዋወቱ ኦሮምኛው ከአማርኛው ይቀድማቸዋል። የሚተዳደሩት ዳቦ በመጋገር ነበር። ድቡልቡል ሊጥ ትልቅ ትሪ ላይ ደርድረው ከላይም ከታችም እሳት ያደርጉበታል፤ ጠዋት ጠዋት ለሻይ ቤቶች ያደርሳሉ። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ከእርሱ ሌላ የላቸውም።

ልጁ ተማሪዬ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የማትሪክ ውጤት የሚጠብቅ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው፣ በክርክር ሰው የሚያደርቅ ልጅ። ትምህርት ቤት ሳለ በፖለቲካ ትምህርት ሰዓት ካድሬው «ዓለም አንድ ናት፤ እርሷም ቁስ ናት» ሲል እጁን አወጣና «አንድ መሆኗን በምን ለካነው?» አለ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ። ካድሬው ጥያቄው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ስላልገባው መሰለኝ «ጥሩ ነው፣ ወደፊት እናየዋለን» ብሎ አለፈው። ከአዳራሽ እንደወጣን ጆሮውን ልይዘው ምንም አልቀረኝ።

«አፍህን ሰብስብ» አልኩት። «እናትህ ያላቸው አንድ ልጅ ነው።»

«አንድ መሆኔንስ በምን ለኩት፣ ቲቸር?»

እንዲህ ነበር። ሊያስቀኝ ይሁን ሊያናድደኝ ሳይለይልኝ ሳቄ ያመልጠኛል።

ቤት ስንገባ የማውቀውን ነገርኩት፤ የማውቀውም ብዙ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን ከውጭ መጽሔት ያነበበውን አጫውቶን ነበር። አንዲት የብርሃን ቅንጣት በሁለት መንገድ ለማለፍ ዕድል ስታገኝ አንዱን መርጣ ሌላውን አትተወውም፤ ዓለም ራሷ ለሁለት ትከፈልና በአንዷ በቀኝ፣ በሌላዋ በግራ ታልፋለች የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ከእኛ ሰማይ ማዶ ደግሞ ሌላ ሰማይ፣ ከነከዋክብቱ፣ መቼም የማናየው ጽንፈ ዓለም ሊኖር ይችላል የሚሉም አሉ። ይህን ስነግረው ማጉረምረም ጀመረ። የማይታይ ነገር አለ ማለትማ ቄሱም ይላሉ፣ ጴንጤዎቹም ይላሉ፤ ታዲያ ሳይንሱ ምን የተለየ አደረገ አለ። እኔም ልዩነቱ መፈተኑ ላይ ነው አልኩት። ሊፈተን የማይችል ነገር ውሸት ነው አንልም፤ ግን ገና ሳይንስ አይደለም።

እማማ የዚያን ዕለት ዳቦውን ከትሪው ላይ እየገነጣጠሉ ነበር። ልጁ አንዱን አንስቶ ጎኑን አገላብጦ አየው። ዳቦ ተጠጋግቶ ሲጋገር የተነካካበት ጎኑ ሳይቀላ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

«ጽንፈ ዓለማቱ እንዲህ ጎን ለጎን ሆነው ያደጉ ከሆነስ?» አለኝ። «አንድ ጊዜ እንኳ ተነካክተው ከሆነ፣ የእኛኛው ላይ ነጭ ጎን ይገኛል ማለት ነው። ማዶ መሻገር አያስፈልገንም። የራሳችንን ጎን ማየት ነው።»

«ዳቦህን ብላ» አልኩት። መምህር ነኝ ባይዋ እኔ። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ደርግም ወድቆ፣ ፀጉሬም ሸብቶ፣ ሊቃውንቱ ልክ እርሱ ያለውን ነገር በሰማይ ላይ እንደሚፈልጉ አነበብኩ። ከሁሉ ቀድሞ የተፈነጠቀው ብርሃን ዛሬም ከየአቅጣጫው ይደርሰናል፤ በዚያ ብርሃን ላይ፣ ሌላ ጽንፈ ዓለም ነክቶን ከነበረ፣ ክብ የሆነ ምልክት ሊኖር ይገባል ብለው ይፈትሻሉ። እስካሁን ይኸው ነው የሚያሰኝ ነገር አላገኙም። መጽሔቱን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ አለቀስኩ። ልጁን ዳቦህን ብላ ያልኩበት አፌ አስጠላኝ።

በቅንጣቷ ነገር ግን ተስማማን፤ ሁለቱን ቀጭን ቀዳዳ በዓይናችን እናያለን አልን። መስታወት በኩራዝ ጭስ አጠቆርን፤ ሁለት ምላጭ አጣብቀን ጥቀርሻውን አንዴ ሰነጠቅነው፤ ፀጉር የሚያክሉ ሁለት መስመሮች ወጡ። የቀረን ፀሐይ ነበር። የአሰላ ክረምት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የጭላሎ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ይቀመጥና ሰው የፀሐይን መልክ ይረሳል። መስታወቱን በጨርቅ ጠቅልለን ጠበቅን።

በዚያ መሃል አፈሳው መጣ። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ በኮታ ነበር የሚወሰደው፤ ኮታው ሲጎድል የአብዮት ጥበቃዎቹ ከገበያም ከመናኸሪያም ያገኙትን ጎረምሳ ያፍሳሉ። እማማ ልጃቸውን ጢቾ ወንድማቸው ዘንድ ሸሸጉት። በየሳምንቱ ከጢቾ የሚመላለስ አንድ ቅቤ ነጋዴ ነበር፤ ወሬ የሚያመጣልንና የሚወስድልን እርሱ ነው። አፈሳ የሚለው ቃል መንገድ ላይ ስለማይጠራ እማማ ስም አወጡለት። ዝናብ አሉት። «ዝናቡ አላባራም» ካልን ልጁ ይቆያል፤ «ዝናቡ አልፏል» ካልን ይመጣል። ይህን ሲያስተምሩን እኔም አብሬ ተቀምጫለሁ። ሰምቼ ራሴን ነቅንቄያለሁ።

መስቀል አልፎ በአንዱ ጠዋት በሬን ስከፍት ጭላሎ ከጫፍ እስከ እግሩ ወለል ብሎ ቆሟል። ሰማዩ ላይ የጥጥ ብናኝ የለም። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ እንደ ልጅ ነው የሆንኩት። ያ ቅቤ ነጋዴ በደጅ ሲያልፍ ሮጬ ደረስኩበትና «ለልጁ ሰማዩ ጠርቷል በልልኝ» አልኩት። ሌላ ምንም አላሰብኩም። መስታወቱን ነው ያሰብኩት። ሰማዩ ጠርቷልና ደስ ይበለው፣ በቅርቡ እናየዋለን፣ ማለቴ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ። ነጋዴው ጢቾ ደርሶ ለአጎትየው በኦሮምኛ ሲነግራቸው «ቦካን ዳርቤራ» አላቸው፤ ዝናቡ አልፏል። ደግሞስ ሲያስቡት የእኔ ቃል ሌላ ምን ማለት ሊሆን ይችላል? በዚያ ዘመን ስለ ሰማይ የምር የሚያወራ ሰው ማን ነበር?

ጥፋቱን ነጋዴው ላይ ላላክክ ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ። አይሆንልኝም፤ ምክንያቱም የባሰው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ልጁ አንድ ማምሻ ላይ አቧራ ለብሶ፣ እየሳቀ ከተፍ አለ። «ዝናቡ አልፏል አላችሁ አይደል?» ሲል እማማ ትሪው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። ማን እንዳለ ተጠያየቅን። እኔ ገባኝ። ተናገርኩ። እማማ አልተቆጡኝም። «እሺ፣ ሆነ። በማለዳው መኪና ይመለሳል፤ ገና ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ሰው የለም» አሉ። ነገሩ በዚሁ ማለቅ ይችል ነበር።

እኔ ነኝ ያላስጨረስኩት። «የጠዋቷን ፀሐይ ብቻ ይይ» አልኳቸው። መስኮቴ ወደ ጭላሎ ስለሚያይ ብርሃኑ የሚገባው በማለዳ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ከሄደ አያይም። «እስከ ረፋድ ነው፣ እማማ። በረፋዱ መኪና ይሄዳል።» እማማ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ልጁ ዓይኑ ይለምናል። «እናንተ የተማራችሁ ታውቃላችሁ» አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀም እንኳ አልታደልኩም።

ጠዋት ውጪ ነጭ አንሶላ ፀሐይ ላይ ሰቀልን። መስኮቱን ዘግተን በካርቶን ላይ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ተውን። አንዲት ጎረቤት መስኮት ዘግተን መቀመጣችን ደስ ሳይላት ሁለት ጊዜ እሳት ልጫር ብላ መጣች፤ አንድ ጊዜ ጴንጤ ሆነው ይጸልያሉ፣ ሌላ ጊዜ መምህሯ ከልጁ ጋር፣ እያለች በልቧ እንደምታወራ ያስታውቅባት ነበር። ሳቅን። ከዚያ ልጁ ጥቁሩን መስታወት ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ስንጥቁ አየ። ዝም አለ። እርሱን ዝም ሲል አይቼው አላውቅም ነበር።

ሁለት ቀዳዳ ነው የሠራነው፤ የታየው ግን ተራ በተራ የተደረደረ ብዙ ብሩህና ጥቁር መስመር ነው። ብርሃን ላይ ብርሃን ተጨምሮ ጨለማ። «ቅንጣቷ ብቻዋን፣ አንድ በአንድ ብትላክም ያው ነው ይላሉ» አልኩት። «ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትጋጨው?» አለኝ። በሌላዋ ዓለም በሌላው ቀዳዳ ከምታልፈው ከራሷ ጋር ነው የሚሉ አሉ አልኩት። ማስረጃ ነው ይበሉኛ አለኝ፤ አይደለም አልኩት፤ ሌላ ዓለም ሳይጨምሩም ይህንኑ መስመር በሒሳብ የሚያወጡ አሉ። ሁለቱ ሐሳብ አንድ ዓይነት ውጤት ከተነበዩ ሙከራው አይለያቸውም። የሚለያዩበትን ቦታ መፈለግ ነው። እንዴት እንደሚፈለግ ሊያውቅ ፈለገ። እኔም ነገርኩት። ነገርኩት፣ ነገርኩት፤ የሚሰማኝ ሰው ያገኘሁ ያህል። ረፋዱ አለፈ። ፀሐይዋ ከስንጥቁ ወጥታ ክፍሉ ሲጨልም ነው መኪናው ትዝ ያለን።

እየሮጠ ወጣ፤ መናኸሪያ ያዙት። እማማ ለሻይ ቤቶቹ ዳቦ አድርሰው ሲመለሱ ነው የሰሙት። ቀበሌው አዳራሽ ሮጥን፤ ብዙ ጎረምሳ ታጭቋል። የታወቀ ነገር ነው፣ የሚያውቁት ዘበኛ የለ፣ የሚለመን የለ። ልጁ በመስኮቱ ብረት መሃል እናቱን አጽናናቸው። ወደ እኔ ሲዞር ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ቲቸር፣ እማዬን አደራ» ብቻ አለኝ። በማግስቱ ጭነው ወሰዷቸው።

ያን ሳምንት እማማ እግር ላይ ልወድቅ ሞከርኩ። «እኔ ነኝ፣ እማማ፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩት» ስላቸው አፌን በእጃቸው ያዙት። «ዝም በይ። ምን ሆነና ታለቅሺለታለሽ? ሟርት ነው» አሉኝ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ጥፋቴን መናገር በሕይወት ያለ ልጅ ላይ ማሟረት ሆነ። ዋጥኩት። ሰፈሩም ያውቃል፤ ማንም ግን ክፉ አልተናገረኝም። ቢናገሩኝ እንዴት በተሻለኝ።

አንድ ጊዜ ከማሠልጠኛ ደህና ነኝ የሚል ቃል በሰው ደረሰን፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሄዱ ተባለ። ከዚያ ምንም። ጊዜው ሄደ። እማማ ከሰዓት ከሰዓት መሶብ ሙሉ ዳቦ ይዘው መናኸሪያ ይቆሙ ጀመር። የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ከመኪና ሲወርድ ዳቦ ይሰጡትና የልጃቸውን መልክ ይነግሩታል። በብርድ፣ በዝናብ። ለሽያጭ የሚጋግሩትን እየቀነሱ ለወታደር የሚሰጡትን ጨመሩ። ጉልበታቸው ያብጥ ጀመር።

ከሁዳዴ ጾም በፊት ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ በክራንች የቆመ ሰው በስሜ ጠራኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ነበር፤ ከልጁ ጋር አብረው የታፈሱ ናቸው፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም። «ቲቸር» አለኝ፣ «አልቋል። ከጎኔ ነው የወደቀው። አፈር ያለበስኩትም እኔው ነኝ።» የምጠራጠርበት ቀዳዳ አልተወልኝም። ለእናቱ ፊት ለፊት መናገር እንዳልቻለና እኔ ለሽማግሌዎች እንድነግር ለመነኝ። ወጉ ይታወቃል፤ መርዶ በሽማግሌ ነው፣ በማለዳ ነው፣ ሰው ገና ቤቱ ሳለ። እሺ አልኩት። እርሱ ወደ ዘመዶቹ ወደ ጎበሳ ሄደ።

ለሽማግሌዎች አልነገርኩም።

ነገ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ጾሙ ይለፍ እላለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ለእማማ አዝኜ አይደለም። ለቅሶው ከተጀመረ ልጁን የገደልኩት እኔ መሆኔ ያን ጊዜ ይጸናል፤ ስላልተለቀሰ ግን ገና ያልጸና ይመስለኝ ነበር። መኝታዬ ላይ ሆኜ ያንን የሊቃውንት ሐሳብ እንደ መድኃኒት እውጠዋለሁ። በሌላዋ ዓለም ልጁ በማለዳው መኪና ሄዷል፤ በሌላዋ እኔ ነጋዴውን አልጠራሁትም። ለተማሪ መፈተኛው ምንድን ነው የምል ሴት ለራሴ ሲሆን ምንም ፈተና አልጠየቅሁም። ደግሞም ያ ሐሳብ ቢያስቡት ለማንም መጽናኛ አይሆንም። የሚሆነው ሁሉ ከሆነ፣ ልጁን ያስቀረችውም እኔ የሆነ ዓለም ውስጥ መኖሯ ግድ ነው፤ ያቺም ይህቺው ናት፣ እዚህ የተኛችው። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁም እውጠዋለሁ። ጠዋት ተነስቼ የእማማን ዳቦ እበላለሁ።

ፋሲካ አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ እማማ መናኸሪያ ሳይሄዱ ዋሉ። ሰፌድ ይዘው ስንዴ ይለቅማሉ፤ እኔ አጠገባቸው ፈተና አርማለሁ። ድንገት ቀና ሳይሉ «ያን ጊዜ መስኮት ዘግታችሁ ስትፈልጉት የነበረው ምን ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ነገርኳቸው። በቀላሉ ነው የነገርኳቸው፤ አንዲት ነገር ሁለት መንገድ ሲኖራት ዓለም ለሁለት ትከፈላለች የሚሉ አሉ፣ በአንዷ በዚህ በሌላዋ በዚያ ትሄዳለች፣ አልኩ።

«ሰውም?»

«ሰውም ይላሉ።»

ድንጋይ ለቅመው ጣሉ። «እንግዲያ በሌላዋ ዓለም ልጄ በማለዳው መኪና ጢቾ ገብቷል?»

የጠበቅሁት በር በራሱ የተከፈተ መሰለኝ። «እንደሚሉት ከሆነ አዎ፣ እማማ። ገብቷል።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እዚያ ያለችው እኔ ታየዋለች?»

«ታየዋለች። ምሳውን ታቀርብለታለች» አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ጥቂት ለቀሙ። «ሰው ከዚያ ወደዚህ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ቃልስ? መልእክትስ?»

«አንዴ ከተለያዩ ምንም አያልፍም፣ እማማ። ለዚህ ነው መፈተን ያቃተን።»

«መቼም?»

«መቼም።»

«ታዲያ ይህ ሞት ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ስሙን ለምን ትቀይሩበታላችሁ?»

ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ፤ እኔ ፊቴን መደበቅ የማልችል ሰው ነኝ። እጃቸው ስንዴው ላይ ቆመ።

«መቼ ሰማሽ?» አሉኝ።

መዋሸት አቃተኝ። «ከጾሙ በፊት።»

«ከጾሙ በፊት» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። «ፋሲካን አብረን ፈሰክን። ዶሮው ሲወጣ የእርሱን ብልት አስቀምጪ አልኩሽ። አስቀመጥሽ።»

አዎ አስቀምጬ ነበር። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ይጮሁብኛል፣ ከቤቴ ውጪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ፈለግሁም። እርሳቸው ግን ሰፌዱን ወደ ግድግዳው አስጠግተው አስቀመጡ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፤ እንደገና ተቀመጡ።

«ማን ነው ያየው?»

የተማሪዬን ነገር ነገርኳቸው። አፈር መልበሱን ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባ አልወጣቸውም።

«አሁን ስሚኝ» አሉ። «አንቺ አልነገርሽኝም። እኔም አልሰማሁም። የልጄ መርዶ በስንዴ ለቀማ መሃል፣ በወሬ አይነገርም። ሂጂና ለዕድሩ ዳኛ ንገሪ። ዛሬ ሰማሁ በያቸው። ነገ በማለዳ እንደ ወጉ መጥተው ይንገሩኝ።»

«እማማ፣ ዛሬ ሰማሁ ብዬ እንዴት—»

«ዛሬ ሰማሁ በያቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ ይዘሽ ከኔ ጋር እንደበላሽ ካወቁ ይህ ሰፈር አያስቀምጥሽም። ልጄም አደራ ያለው አንቺን ነው፤ እኔ ከማን ጋር ልኖር ነው?»

ሄድኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በዝናቡ ውስጥ ሄጄ ለዕድሩ ዳኛ ዛሬ ሰማሁ ብዬ ዋሸሁ። ሰውየው ከንፈራቸውን መጥጠው «አይ አንቺ ልጅ፣ እንዴት ከብዶሽ ይሆን» አሉኝ። ያን ማታ እማማ እንደ ወትሮው ሊጥ አቦኩ።

በማለዳ በሩ ሲንኳኳ ሽማግሌዎቹ ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል። እማማ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። «ምነው በደህና? ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። ሲነግሯቸው የጮሁት ጩኸት ግን የማስመሰል አልነበረም። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት ከአጥሩ ዘለለ፤ ድንኳን ተተከለ።

የጢቾ ዘመዶች፣ የዲክሲስ ዘመዶች፣ ሁሉም መጡ። እኔ ጓዳ ገብቼ ውሃ ልቅዳ፣ ንፍሮ ልቀቅል ስል እማማ አስጠሩኝና አጠገባቸው ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝ፤ የቤተ ዘመድ ቦታ ነው። ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ። ከዲክሲስ የመጡ አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት እማማን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ይህቺ ደግሞ ማናት?» አሉ።

«እህቱ ናት» አሉ እማማ።

አሮጊቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «እግዜር ያጽናሽ፣ የኔ እናት። የወንድምሽን ነፍስ ይማር» አሉኝ። ከኋላቸው ሌላ ሰው፣ ከዚያም ሌላ መጣ፤ ሁሉም እማማን ካጽናና በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ ይላል። እኔም አሜን ስል ዋልኩ።